መመልከት እንደ መሮጥ አይሆንም

የኢትዮጵያ ስም በሩጫ የተከበረ መሆኑን ለማንም ሰው መንገር አያስፈልግም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ ካገኘ ወዲህ፥ ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የኦሊምፒክን ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዪቱ ከሆነች ወዲህ፥ በዓለም ላይ የሩጫ ነገር በተነሣ ቍጥር የኢትዮጵያ ስም አብሮ ይነሣል። ይህም ክብር በብዙ ድካም የተገኘ ስለ ሆነ ሕዝቡ ቢደሰትበትና ቢኮራበት ተገቢ ነው።

ሆኖም አንድ ሕዝብ በጥቂት ልጆቹ እግር መክበሩ አንድ ነገር ሲሆን፥ በገዛ እግሩ መጠቀሙ ሌላ ነገር ነው። የአገር ልጅ በባዕድ ሜዳ ሲሮጥ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ሁሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ይጮኻል፤ ሩጫው ሲያልቅ ግን ወደዚያው ወንበር ይመለሳል። ሯጩ ከድካሙ በኋላ ጤናና ጥንካሬ ሲያገኝ፥ ተመልካቹ የሚያገኘው የአንድ ሰዓት ደስታ ብቻ ነው። የሌላው ሰው ላብ የተመልካቹን ልብ አያጠነክርም፤ የሌላው ሰው ትንፋሽም የተመልካቹን ሳንባ አያሰፋም። ስለዚህ ሩጫን የሚወድ ሕዝብ ሁሉ፥ ሩጫን ከመመልከት ወደ መሮጥ የሚሸጋገርበትን ቀላል በር መፈለግ ይገባዋል። ለድሬዳዋ ከተማ ሕዝብ ይህ በር የአንድ ማይል የጎዳና ሩጫ ሊሆን ይችላል።

ማይል ማለት 1,609 ሜትር ያህል የሆነ ርቀት ነው። ቃሉ የመጣው ከጥንት ሮማውያን ሲሆን፥ ወታደሮቻቸው ሲጓዙ የሚቈጥሩትን አንድ ሺሕ እጥፍ እርምጃ የሚያመለክት ነበር። እንግዲህ ማይል ከመጀመሪያው በሰው እግር የተለካ፥ ለሰው እግር የሚስማማ ልክ ነው። በስታዲየም ሜዳ ቢለካ አራት ዙርና 9 ሜትር ያህል ይሆናል። ጤነኛ ሰው ፈጠን ብሎ ቢራመድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይፈጽመዋል፤ ቀስ ብሎ የሚሮጥም በ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ማራቶን ለብዙ ወራት የተዘጋጀ ሰውነት ይጠይቃል፤ 10 ኪሎ ሜትርም ላልለመደ ሰው ቀላል አይደለም። ማይል ግን ተማሪውም፥ ነጋዴውም፥ የቤት እመቤቲቱም፥ ጡረተኛውም በአንድ ጧት ጀምረው በዚያው ጧት ሊፈጽሙት የሚችሉት ርቀት ነው።

ርቀቱ አጭር ነው ተብሎ ግን ሊናቅ አይገባውም። ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች መሮጥ ለብዙ ዘመን እንደማይቻል ነገር ይቈጠር ነበር። እንግሊዛዊው የሕክምና ተማሪ ሮጀር ባኒስተር ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ከተማ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሮጦ ይህን ግምት አፈረሰ። በዚያን ቀን ክሪስ ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ የሚባሉ ሁለት ባልንጀሮቹ እየተፈራረቁ ከፊት ከፊቱ በመሮጥ ፍጥነቱን ጠብቀውለት ነበር። ስለዚህ ብቻውን እንዳደረገው የሚነገርለት ሰው እንኳ ያለ ባልንጀሮቹ እርዳታ አልሮጠም። ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ገሩዥም በ1991 ዓ.ም. በሮማ በ3 ደቂቃ ከ43.13 ሰከንድ ሮጦ ልኩን እጅግ ዝቅ አድርጎታል።

ስለ ማይል ሲነገር የኢትዮጵያ ልጆችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ የጎዳና ማይል ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ በተደረገበት ቀን፥ የሴቶቹን ውድድር ያሸነፈችው ኢትዮጵያዊቷ ድርቤ ወልተጂ ነበረች። የፈጸመችበትም ጊዜ 4 ደቂቃ ከ20.98 ሰከንድ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ የዓለም አዲስ ልክ ሆኖ ተመዘገበ። የአገሯ ልጅ ፍሬወይኒ ኃይሉ ሁለተኛ ወጣች፤ በመም ላይ የማይልን የዓለም ልክ የያዘችው ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ሦስተኛ ሆነች። ታላላቆቹ የሮጡት በስታዲየም ውስጥ ሳይሆን ሰው በየቀኑ በሚመላለስበት የከተማ ጎዳና ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ጎዳና በድሬዳዋም አለ።

በሌላው ዓለምም የጎዳና ማይልን የሕዝብ በዓል ያደረጉ ከተሞች አሉ። በኒውዮርክ ከተማ አምስተኛው ጎዳና በሚባለው ሰፊ መንገድ ላይ ከ1974 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የአንድ ማይል ሩጫ ሲደረግ ኖሯል። እዚያ ዝነኞቹ ሯጮች ብቻ አይሮጡም፤ ሕዝቡ በዕድሜና በጾታ ተከፍሎ ተራ በተራ ይለቀቃል። ሽማግሌው ከሽማግሌ ጋር፥ ልጁም ከልጅ ጋር ይሮጣል። በዚህ ሥርዓት ምክንያት ደካማው በኀይለኛው አይገፋም፤ የሚያፍርም ሰው የለም፤ መንገዱ አጭር ስለ ሆነም ተመልካቹ ዘመዱን ሲነሣም ሲደርስም ለማየት ይችላል።

ሕዝብን ከተመልካችነት ወደ ሯጭነት ማምጣት በኢትዮጵያም የሚቻል መሆኑ በሥራ ተፈትኖ ታውቋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገ ጊዜ 10 ሺሕ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ አሸናፊውም ራሱ ኃይሌ ሆነ። በኋላ ተሳታፊው ከ40 ሺሕ ያለፈበት ዓመት መጥቷል። ከነዚህም ውስጥ ለማሸነፍ የሚሮጡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት እየዘፈኑ፥ እየተጫወቱ፥ አንዳንዴ እየሮጡ አንዳንዴም እየተራመዱ 10 ኪሎ ሜትሩን የሚፈጽሙ የቢሮ ሠራተኞች፥ ተማሪዎች፥ እናቶችና አባቶች ናቸው። ሕዝቡ መንገዱ ከተከፈተለትና ከተጠራ እንደማይቀር ይህ በቂ ምስክር ነው።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ድሬዳዋ መልሶ መመርመር ይገባል። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በፊት ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሄድ ነጋዴና መልእክተኛ በእግሩና በበቅሎው ሳምንታት ይጓዝ ነበር። ባቡሩ ይህን ድካም አስቀረ፤ ሰውንም ለብዙ ሥራ አፋጠነ። ስለዚህ ድሬዳዋ የሰውን እግር ከድካም ለማሳረፍ የተፈለሰፈው መሣሪያ የወለዳት ከተማ ናት ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዛሬም ባጃጁ በየመንደሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከቤት እስከ ገበያ፥ ከገበያ እስከ ሥራ ቦታ ሰው በእግሩ ሳይረግጥ ለመዋል ይችላል።

መሣሪያው ሰውን መጥቀሙ አይካድም። ዳሩ ግን እግር ሲያርፍ ልብም አብሮ ያርፋል፤ ልብ ደግሞ በሥራ እንጂ በዕረፍት ብቻ አይጠነክርም። በድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ወደ ጥላ ያስገባዋል፤ ጥላው ብዙውን ሰው ወደ ጫት፥ ጫቱም እስከ ማታ ወደ መቀመጥ ይመራዋል። እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ደግሞ እንደ ወባ አያንቀጠቅጡም፤ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ለብዙ ጊዜ ይቈዩና በድንገት የቤቱን ምሰሶ ይጥላሉ። አባት ወይም እናት በሙሉ ዕድሜያቸው በወደቁ ጊዜ ችግሩ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የመላው ቤተ ሰብ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ፥ ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንደሚያስፈልግ ይመክራል። ይኸው ድርጅት እንደ ገለጸው፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ የሚሆኑት ይህን ልክ አላሟሉም። በቀን አንድ ማይል በፍጥነት የሚራመድ ሰው ግን በሳምንት ውስጥ ከ100 ደቂቃ በላይ ያገኛል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ማለዳ መነሣትና መልካም ጫማ ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ያለ ሩጫ የተመቸች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ በደጋ ከተሞች ላልለመደ ሰው የሚያጋጥመው የትንፋሽ ማጠር በዚህ አይበረታም። የከዚራ መንገዶችም ቀጥ ያሉና በዛፍ ጥላ የተከበቡ ናቸው። የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ስለሚደርስ፥ በእነዚህ ወራት ሕዝብን ለሩጫ መጥራት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። የተሻለው ጊዜ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ሰዓቱም ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ሊሆን ይገባዋል። በመነሻውና በመድረሻው ውሃና ጥላ ይዘጋጅ፤ ሐኪምም ይቁም። በሩጫው መካከል ራሱን ያዞረው፥ ንግግሩ የተምታታበት ወይም የተዝለፈለፈ ሰው ወዲያው ወደ ጥላ ተወስዶ ሰውነቱ በቀዝቃዛ ውሃ መራስ አለበት፤ የሙቀት ምች ደቂቃ የማይሰጥ ጠላት ነውና።

መንገዱም በግምት አይለካ። ማይል የተባለው ማይል ካልሆነ፥ ሰው የዘንድሮውን ጊዜ ከከርሞው ጋር ለማስተያየት አይችልም። በዓለም የተለመደው አሠራር በመንኰራኵሩ ላይ ቈጣሪ የተገጠመለት ብስክሌት በመጀመሪያ በታወቀ ርቀት ላይ ተፈትኖ፥ ከዚያ በኋላ የመንገዱን አጭሩን መሥመር ተከትሎ እንዲነዳ ማድረግ ነው። መንገዱ አጥሮ እንዳይገኝም በየሺሑ ሜትር አንድ ሜትር ይጨመርበታል። ባጃጅና መኪና ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከመንገዱ ቢከለከሉ የሚጐዳ ሥራ የለም። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ሆነው ሕዝቡ እንዲሮጥባቸው በተደረገ ጊዜ፥ ይህ የሚቻል መሆኑ ታይቷል።

ስለ መንገዱ አመራረጥ አንድ ታላቅ አሳብ አለ። ድሬዳዋን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ አለ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ነፍስ ማጥፋቱና ብዙ ሰው ቤት አልባ ማድረጉ አይረሳም። በዚያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ሰው አብሮ አልቅሷል። በሐዘን የተገናኘ ሕዝብ በደስታም መገናኘት ይገባዋልና፥ ሩጫው ከከዚራ ተነሥቶ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚዘልቅ ቢሆን እጅግ የተወደደ ይሆናል። ኦሮምኛ የሚናገረው፥ ሶማልኛ የሚናገረው፥ አማርኛና አደርኛ የሚናገረው ሁሉ በአንድ ምልክት ተነሥቶ አንድ ድልድይ ሲሻገር፥ ስለ አንድነት ከሚደረገው ረዥም ንግግር ይልቅ ይህ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣል።

ለመሮጥ ያሰበ ሰው ደግሞ በዋዜማው ወስኖ በማግሥቱ መነሣት የለበትም። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለ፥ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት አራት ቀን መራመድ፤ ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ አንድ ደቂቃ መሮጥ፤ ከዚያም የሩጫውን ደቂቃ እየጨመሩ የእርምጃውን መቀነስ ነው። በሩጫው ቀን ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመነሻው ነው። የሕዝቡ ጩኸትና የጓደኛ እልህ ሰውን በመጀመሪያው 400 ሜትር ከአቅሙ በላይ ያስሮጠዋል፤ ከዚያ በኋላ እግሩ እንደ እርሳስ ይከብደዋል። ከጎኑ ካለው ሰው ጋር አጭር ቃል ለመለዋወጥ እስኪችል ድረስ ቀስ ብሎ የተነሣ ሰው መጨረሻውን በደስታ ያገኛል። የልብ ሕመም ያለበት፥ ደረቱን የሚወጋው፥ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፥ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሴት አስቀድመው ሐኪም መጠየቅ ይገባቸዋል። ሐኪሙ ከከለከላቸውም ለሚሮጡት ውሃ ማቀበል ራሱ የሩጫው ክፍል ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ አይጠፋም። አንዳንዱ ሩጫ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይላል። ድሬዳዋ ግን የፋብሪካ ከተማ ስትሆን ኳስንም ከሥራ ጋር አስማምታ የኖረች ናት፤ የጥጥ ፋብሪካዋ ቡድን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ዋንጫ ደጋግሞ ወስዷል፤ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ ሲደረግ ከአዲስ አበባ ጋር እንግዶቹን የተቀበለች ከተማም እርሷ ነበረች። ሠራተኛ ሰው ቢጫወት ሥራው እንደማይበደል ከዚህ ታሪክ ይታያል። ሌላው ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ በአደባባይ ብሮጥ ሰው ምን ይለኛል ይላል። ይህ ፍርሃት ከሙቀቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቀር ነው። መድኃኒቱም ብዛት ነው። ብቻውን የሚሮጥ ሽማግሌ ቢሳቅበት እንኳ፥ መቶ ሽማግሌዎች አብረው ቢሮጡ የሚስቅ አይገኝም፤ የሚስቀው ሰው ራሱ ለብቻው ይቀራልና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ስለ ሴቶችም ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የቤት ሥራና ልጅ ማሳደግ በትከሻዋ ላይ የወደቀባት ሴት ለሰውነቷ የምትሰጠው ሰዓት አታገኝም፤ ብታገኝም መንገዱ ለወንድ ብቻ የተፈቀደ ይመስላታል። ስለዚህ ሴቶች በየራሳቸው ተራ እንዲሮጡ፥ እንደ እምነታቸውና እንደ ልማዳቸው የለበሱትን ለብሰው እንዲሰለፉ፥ ልጆቻቸውንም የሚጠብቅ ሰው እንዲዘጋጅላቸው ያስፈልጋል። አካል ጉዳተኞችም በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በረዳት እጅ የሚያልፉበት ሰዓት ይመደብላቸው። አንዲት እናት የሮጠችበት ቤት ልጆች ሩጫን ከመጽሐፍ አይማሩም፤ ከእናታቸው ያዩታል።

ሽልማቱን በሚመለከት፥ ለቀዳሚዎቹ ጥቂት ክብር ማድረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሕዝብ ሩጫ ክብሩ በመጨረሻው ሰው ይታወቃል። ፈጣኖቹ ከደረሱ በኋላ መድረሻው ፈርሶ፥ ውሃው አልቆ፥ ሕዝቡ ተበትኖ ከሆነ ያ ሩጫ ለጥቂቶች የተደረገ ነው። የመጨረሻዪቱ አሮጊት ድልድዩን ተሻግራ እስክትገባ ድረስ ዳኞቹ ከቆሙ፥ ሕዝቡም ካጨበጨበ፥ ያ ሩጫ በእውነት የከተማው ሁሉ ይባላል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ነገር የአንድ ቀን ትርኢት ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ጧት ሮጦ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ከሸሚዙ በቀር ያተረፈው የለም። ትምህርት ቤቶች በሳምንት አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን ማይል ቢያስሮጡ፥ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የማለዳ ቡድን ቢያቋቁሙ፥ ቀበሌዎችም በሠፈራቸው አንድ ማይል ለክተው በሁለቱ ጫፍ ምልክት ቢያቆሙ፥ የዓመቱ ሩጫ የሥራው መጀመሪያ ሳይሆን የሥራው መከር ይሆናል። ምልክቱ ከቆመ ማንም ሰው ጊዜውን ጠብቆ፥ ማንንም ሳያስፈቅድ፥ ከትናንት ራሱ ጋር ለመወዳደር ይችላል።

ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት፤ ነጋዴ አሳደጋት፤ ሠራተኛ አቆማት። ሕዝቧም እንግዳ ተቀባይ፥ ተጫዋችና ፍቅር ወዳድ መሆኑን አገር ያውቃል። ለዚህ ሕዝብ 1,609 ሜትር ረዥም መንገድ አይደለም። አስቸጋሪው ከደጃፍ እስከ መነሻው መሥመር ያለው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ይህንንም እርምጃ እያንዳንዱ ሰው በገዛ እግሩ መርገጥ አለበት።